ታሪክ ተምራ ምን ልትሠራ ነው? ለአንድ የጎንደር አባት የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «በጎንደር ቅዳሜ ገበያ እህል የምነግድ ሰው ነኝ። ልጄ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመቷን በጥሩ ውጤት ጨርሳ የትምህርት ክፍል መምረጫዋ ደርሷል። እኔ አካውንቲንግ እንድትገባ እፈልጋለሁ፤ እርሷ ግን ታሪክ ካልሆነ ብላለች። አንድ መምህሯ ሊበራል አርትስ የሚባለው ትምህርት ለየትኛውም ሥራ ያዘጋጃል ብሎ ነግሯታል። ይህ እውነት ነው ወይስ ልጅ ማባበያ? ታሪክ ተምራ ምን ልትሠራ ነው? እንጀራ ይሆናታል ወይ?»

ምላሽ፦

መምህሩ የነገራት እውነት ነው፤ ነገር ግን ግማሹን ነው የነገራት። ሥነ ጽሑፍ፣ ታሪክ፣ ፍልስፍና፣ ሶሲዮሎጂና እነዚህን የመሳሰሉ ትምህርቶች በደንብ ከተማሯቸው በብዙ የሥራ ቦታ የሚፈለግ ችሎታ ይሰጣሉ። ያልተነገራት ግማሽ ደግሞ ይህ ነው፦ የቅጥር ማስታወቂያ የሚጻፈው በትምህርት ክፍል ስም ስለሆነ፣ አካውንቲንግ የተማረ ሰው ማስታወቂያው ስሙን ጠርቶ ሲያስገባው፣ ታሪክ የተማረ ሰው ችሎታውን ራሱ አውጥቶ ካላሳየ በስተቀር ማንም አይጠራውም። በጎንደር ለተመራቂዎች የሥራ ፍለጋ ምክር በመስጠትና ለቀጣሪዎች የጽሑፍ ፈተና በማዘጋጀት በቆየሁባቸው 14 ዓመታት ከታሪክ ተመርቀው ጥሩ ሥራ የያዙትንም፣ ዲግሪ ይዘው ቤት የተቀመጡትንም አይቻለሁ። በሁለቱ መካከል ያየሁትን ልዩነት ከዚህ በታች በዝርዝር እጽፍልዎታለሁ።

አስቀድሞ ስሙን እናጥራው። «ሊበራል» የሚለው ቃል በአገራችን የፖለቲካ ሰፈር ስም ሆኖ ስለሚሰማ ብዙ ወላጅ ይጠራጠረዋል። ቃሉ የመጣው ከላቲን ሲሆን ነፃ ሰው ሊያውቀው የሚገባ ጥበብ ለማለት ነው። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ የጥበቦቹ ቁጥር 7 ነበር፤ ሰዋስው፣ አመክንዮና የንግግር ጥበብ በአንድ ወገን፣ ሥነ ቁጥር፣ ጂኦሜትሪ፣ ሙዚቃና ሥነ ፈለክ በሌላው ወገን ይቆማሉ። ከዝርዝሩ እንደሚታየው ሒሳብና የተፈጥሮ ምርምርም የዚሁ ትምህርት አካል ናቸው። ስለዚህ በእኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ እንደሚባለው «ሒሳብ የፈራ የሚገባበት» ማለት አይደለም። ዛሬ በዚህ ስም የሚታወቁ ኮሌጆችም ተማሪው አንዱን ሙያ ጠልቆ እየተማረ፣ ከዚያ ጎን ለጎን መጻፍን፣ ማስረጃ መመርመርንና ሐሳብን በሰው ፊት ማስረዳትን እንዲለማመድ ያደርጋሉ። በአፍሪካ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው የጋናው አሼሲ ዩኒቨርሲቲ ነው። በማይክሮሶፍት ይሠራ የነበረው ፓትሪክ አዋ ወደ አገሩ ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ2002 ሲመሠርተው የኮምፒውተርና የንግድ ሥራ ተማሪዎች ሁሉ የጽሑፍ፣ የሥነ ምግባርና የአፍሪካ ጥናት ትምህርት እንዲወስዱ አደረገ። ከዓመታት በኋላም ተማሪዎቹ ራሳቸው በድምፅ ወስነው ያለ ተቆጣጣሪ መምህር መፈተን ጀምረዋል።

እኔ ግን ይህን ትምህርት ለጎንደር ሰው ለማስረዳት ጋና ድረስ መሄድ ያለብኝ አይመስለኝም። የአብነት ትምህርት ቤቱን ሥርዓት ልብ ብለው ካዩት፣ ያ የአውሮፓ ዝርዝር ከሞላ ጎደል በራሳችን መልክ ተቀምጦ ያገኙታል። ተማሪው ከንባብ ወደ ዜማ ይሻገራል፤ ቅኔ ቤት ገብቶ ሰዋስውንና ምሥጢርን ይማራል፤ በባሕረ ሐሳብ መጥቅዕና አበቅቴን ደምሮና ቀንሶ የበዓላትን ቀን ያወጣል፤ መጻሕፍት ቤት ሲደርስ ትርጓሜን ያጠናል። በቅኔ ቤት ያለው አሠራር በተለይ ይገርመኛል። ተማሪው ሁለት ስንኝ ብቻ ካላት ጉባኤ ቃና ከምትባለው የቅኔ ዓይነት ጀምሮ በየዕለቱ አዲስ ቅኔ ቆጥሮ፣ ማለትም ራሱ ፈጥሮ፣ ለየኔታ መንገር አለበት፤ የትናንቱን ደግሞ ቢመጣ ወይም ከጓደኛው ቢዋስ በጉባኤው ፊት ይጋለጣል። ሰዋስውን ሸምድዶ ማለፍ አይቻልም፤ በሰዋስው አዲስ ነገር መሥራት ግዴታ ነው። የጎንደር ሊቃውንት ላይ ቤትና ታች ቤት ተብለው የተከፈሉበት የትርጓሜ ትምህርት ደግሞ አንዱን ቃል «አንድም» እያለ በሁለት፣ በሦስትና በአራት መንገድ ያየዋል። በዚህ ያለፈ ሰው አንድ ጽሑፍ ከአንድ በላይ ትርጉም ሊሸከም እንደሚችል፣ ከመካከላቸው የትኛው እንደሚያመዝንም በምክንያት መናገር እንዳለበት በአጥንቱ ያውቀዋል።

ይህ ትምህርት ለሥራ ያበቃ ነበር ወይ ቢሉ፣ በፋሲል ግቢ ውስጥ ከቀዳማዊ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት አጠገብ ያለውን ቤተ ጽሕፈት ሄደው ማየት ይችላሉ። የንጉሥ ደብዳቤና ትእዛዝ የሚጽፍ፣ ፍትሐ ነገሥት እየተረጎመ ፍርድ የሚያመላክት፣ የግብርና የጉልት መዝገብ የሚይዝ ሰው የሚገኘው ከእነዚሁ ጉባኤ ቤቶች ነበር። ቅርብ ወደሆነው ዘመን ስንመጣም ከቤተ ክህነት ትምህርት የተነሡት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነዋል፤ ቅኔ የተማሩት ሐዲስ ዓለማየሁም በአምባሳደርነትና በሚኒስትርነት አገልግለዋል። ያለፈውን አሳምሬ ላሳይዎት ግን አልሻም። ከቆሎ ተማሪው መካከል እዚያ ማዕረግ የደረሰው ጥቂቱ ነው፤ ብዙው ደብተራና መሪጌታ ሆኖ በቤተ ክርስቲያን አገልግሎት፣ ከዚያም ባነሰ ኑሮ ነው የኖረው፤ ሴት ልጆች ደግሞ ከጥቂቶች በቀር በሩም አልተከፈተላቸውም።

አሁን ወደ እርስዎ ጥያቄ ልብ ልምጣ። «ችሎታ» እያልሁ የምደጋግመው ነገር በሥራ ቦታ ምን እንደሚመስል በአንድ ያየሁት ጉዳይ ላሳይዎት።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በከተማችን ጽሕፈት ቤት የነበረው አንድ ግብረ ሰናይ ድርጅት ለገጠር የውኃ ሥራ አንድ የፕሮጀክት ኦፊሰር ለመቅጠር ሲፈልግ የጽሑፍ ፈተናውን እንዳዘጋጅ ጠየቀኝ። ለእያንዳንዱ ተፈታኝ ከአንድ የውኃ ኮሚቴ ፋይል የተቀዱ፣ ስማቸው የተለወጠ 6 ወረቀቶች ሰጠሁ፦ ሁለት ቃለ ጉባኤ፣ አንድ የነዋሪዎች አቤቱታ፣ አንድ የጥገና ደረሰኝ፣ አንድ ከወረዳ የተጻፈ ደብዳቤና በእጅ የተሠመረ የመዋጮ ዝርዝር። ጥያቄው አንድ ብቻ ነበር፤ ኃላፊው ነገ ጠዋት ወደ ቦታው ከመሄዱ በፊት የሚያነበው የአንድ ገጽ ማስታወሻ ይጻፉ የሚል። የተሰጠው ጊዜ 90 ደቂቃ ነበር።

አብዛኞቹ ተፈታኞች ወረቀቶቹን በተራ አሳጥረው ገለበጡ። «በመጀመሪያው ቃለ ጉባኤ ላይ እንዲህ ተብሏል፣ በሁለተኛው ላይ እንዲህ ተብሏል» እያሉ ገጹን ሞልተው ወጡ። ከመካከላቸው በጥሩ ውጤት የተመረቁ የኢኮኖሚክስና የማኔጅመንት ልጆች ነበሩ። አንዲት የታሪክ ምሩቅ ግን ከሁሉ በፊት ያደረገችው ወረቀቶቹን በቀን ቅደም ተከተል መደርደር ነበር። ደርድራ ስትጨርስ ቃለ ጉባኤው ፓምፑ የቆመው ኅዳር 12 ነው እንደሚል፣ የጥገናው ደረሰኝ ግን ጥቅምት 28 ቀን እንደተቆረጠ አየች፤ ፓምፑ ሳይበላሽ ተጠግኗል ማለት ነው። ከዚያ በአቤቱታው ላይ የፈረሙትን ሰዎች ስም ከመዋጮው ዝርዝር ጋር አንድ በአንድ አስተያይታ፣ ከፈራሚዎቹ አብዛኞቹ በዝርዝሩ ላይ እንደሌሉ ደረሰችበት።

እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን «ገንዘቡ ተበልቷል» ብሎ ይጽፍ ነበር። እርሷ ግን የጻፈችው ሌላ ነው። ቃለ ጉባኤው ጊዜው ካለፈ በኋላ የተጻፈ ሊሆን ይችላል፤ አንድም ደረሰኙ የሌላ ጥገና ሊሆን ይችላል፤ አንድም ከሁለቱ በአንዱ ላይ ቀኑ ተሳስቷል፤ ስለዚህ ኮሚቴውን ከመጠየቅ አስቀድሞ ደረሰኙን የሰጠውን ጠጋኝ ማነጋገር ይሻላል፤ ፈራሚዎቹም ከዝርዝሩ የጠፉት ባለመክፈላቸው ይሁን ባለመመዝገባቸው እዚያው ይጣራ፤ ይህ ሳይጣራ ሁለተኛው ክፍያ ባይለቀቅ ይመረጣል። ማስታወሻው አንድ ገጽ እንኳ አልሞላም ነበር። በቃል ፈተናው ጊዜ ይህን ከየት እንዳመጣችው ስትጠየቅ፣ ለመመረቂያ ጽሑፏ ስለ አንድ ደብር የመሬት ክርክር ሦስት ሽማግሌዎች ሦስት የተለያየ ዓመት ነግረዋት፣ ማን መቼ ለምን እንደተናገረ ሳትመረምር አንዱንም መጻፍ እንዳልቻለች ተናገረች።

ታሪክ ማስተማር ያለበት ይህንን ነው። ታሪክ ጸሐፊ አንድ ወረቀት ሲያገኝ ማን ጻፈው፣ መቼ ጻፈው፣ ለማን ጻፈው፣ ምን ሊጠቀምበት ብሎ ጻፈው ብሎ ይጠይቃል፤ ከሌላ ማስረጃ ጋር ያመሳክራል፤ የማያውቀውን ከሚያውቀው ይለያል። እርስዎም ቢሆኑ በገበያዎ ደላላው የጤፍ ዋጋ ሲነግርዎት ከማን ጋር እንደዋለ፣ የትኛውን ጭነት ሊሸጥ እንደፈለገ ሳያስቡ ቃሉን አይወስዱም፤ ከሁለት ከሦስት ቦታም ያጣራሉ። በባንክ ብድር ክፍል፣ በኢንሹራንስ የካሳ ጥያቄ፣ በጋዜጠኝነት፣ በሰው ኃይል አስተዳደር፣ በፍርድ ቤት መዝገብና በኦዲት ሥራም የሚጠየቀው በመሠረቱ ይኸው ነው።

የዚያችን ልጅ ታሪክ እዚህ ባቆመው ግን እኔም እንደ መምህሩ ግማሹን ብቻ መናገሬ ነው። ልጅቷ ለፈተናው ልትቀርብ የቻለችው በእድል ነበር። ማስታወቂያው «በኢኮኖሚክስ፣ በማኔጅመንት፣ በገጠር ልማት ወይም በተዛማጅ የትምህርት ዘርፍ» ይል ስለነበር ማመልከቻ የለየው ሠራተኛ ፋይሏን ወደ ጎን አድርጎት ነበር፤ ከኮሚቴው አንዱ ሰው «ተዛማጅ» የሚለውን ቃል ሰፋ አድርገን እንየው ብሎ ስለተከራከረ ነው የተመለሰላት። በኤክሴል የተግባር ፈተና ደግሞ ከሁሉም ያነሰ ውጤት ያመጣችው እርሷ ነበረች፤ የመዋጮውን ዝርዝር በዓይኗና በእስክሪብቶ ያመሳከረችውን ያህል በኮምፒውተር ልታመሳክረው አልቻለችም። ተቀጥራ በሙከራ ጊዜዋ ተማረችው። ኤክሴል በሳምንታት የሚለመድ ነገር ሲሆን ያ ማስታወሻ ግን የዓመታት ልምምድ ውጤት ነው። ቢሆንም በሩ ላይ የሚያስቆመው አብዛኛውን ጊዜ ኤክሴሉ ነው።

ከሌላ አገር የተገኘ ማስረጃ ካስፈለገ፣ የአሜሪካ ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው የቀጣሪዎች ጥናት ከተጠየቁት 93 በመቶው፣ አጥርቶ ማሰብ፣ በግልጽ መግባባትና ውስብስብ ችግር መፍታት ከተመረቁበት የትምህርት ክፍል ይበልጣል ብለዋል። ይህን ቁጥር ግን በጥንቃቄ እንዲያዩት እፈልጋለሁ፤ ቀጣሪ ሲጠየቅ የሚናገረውና ማመልከቻ ሲለይ የሚያደርገው ሁልጊዜ አንድ አይደለም። ከዚህ ይልቅ እኔ የማምነው የሃርቫርዱ ኢኮኖሚስት ዴቪድ ዴሚንግና የሥራ ባልደረባው ያሳዩትን ነው። እንደ ኮምፒውተርና ምህንድስና ያሉ የተግባር ሙያዎች ምሩቃን ሥራ ሲጀምሩ ከሌላው በጣም የተሻለ ደመወዝ ያገኛሉ፤ በየመሥሪያ ቤቱ የሚፈለገው የቴክኒክ ዕውቀት በፍጥነት ስለሚለዋወጥ ግን ያ ብልጫ ዓመታት ባለፉ ቁጥር እየጠበበ ይሄዳል። ጥናቱ የአሜሪካን ገበያ የሚመለከት መሆኑን አይርሱ። ለእኛ የሚሰጠው ትምህርት ይህ ይመስለኛል፦ የታሪክ ምሩቅ አጀማመሩ ዝግ ያለ ነው፤ ቤተሰብም ለዚያ ዝግታ ራሱን ማዘጋጀት አለበት። ልጅዎ እንደተመረቀች ወር ሳይሞላ ደመወዝ ይዛ እንድትገባ የሚያስገድድ የቤት ችግር ካለ፣ ይህ በውሳኔው ውስጥ መግባት ያለበት ከባድ ጉዳይ ነው፤ ይህንንም ለእርሷ በግልጽ ሊነግሯት ይገባል እንጂ «ታሪክ አይረባም» በሚል ሽፋን ሊሸሸግ አይገባውም።

አሁን ደግሞ ቅሬታዬን ልናገር። ከላይ የዘረዘርሁት ሁሉ የሚሆነው ትምህርቱ እንደ ስሙ ሲሰጥ ነው። በ2012 ዓ.ም. የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ትምህርት በዩኒቨርሲቲዎቻችን እንደገና ሲጀመር ሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ፣ ጠቅላላ ሳይኮሎጂ፣ ሶሻል አንትሮፖሎጂ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ፣ ጂኦግራፊ፣ ኢኮኖሚክስና የእንግሊዝኛ የመግባቢያ ክህሎት በአንድነት ተካተዋል። በወረቀት ላይ ሲታይ ይህ ጥሩ የሊበራል አርትስ ዓመት ነው። በክፍል ውስጥ የሚሆነው ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነው። ክፍሉ ሞልቶ ይፈሳል፤ ሞጁሉ በስልክ ይላካል፤ ፈተናው ምርጫ ይሆናል፤ ተማሪውም «ኮመን ኮርስ» ብሎ የሚፈልገው ትምህርት ክፍል ለመድረስ ውጤት የሚለቅምበት መሰላል ያደርገዋል። የአስተሳሰብ ስሕተቶችን ስም ከነትርጉማቸው ሸምድዶ ኤ ያመጣ ልጅ፣ በማግሥቱ በቴሌግራም የተላከለትን ወሬ ሳያጣራ ለመቶ ሰው ሲያስተላልፍ አይቻለሁ። የቅኔ ቤቱ የኔታ ይህን ቢያዩ ምን ይሉ እንደነበር አስባለሁ፤ እርሳቸው ዘንድ አዲስ ቅኔ ያልቆጠረ ተማሪ ቅኔ ተምሬያለሁ አይልም።

ስለዚህ ልጅዎ ታሪክ መግባቷ ብቻውን የሚሰጣት ነገር የለም። ሁለት የታሪክ ምሩቃን አንድ ዓይነት ዲግሪ ይዘው አንዷ አራት ዓመት ሙሉ ሃንድአውት ስታነብ፣ ሌላዋ በየሴሚስተሩ ሁለት ሁለት ጽሑፍ ጽፋ፣ መምህሯ በቀይ አርሞላት፣ እንደገና ጽፋው ልትወጣ ትችላለች።

የጎንደርን ገበያም በትክክል እንየው። መንግሥት ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በ70/30 የቅበላ መመሪያ አብዛኛውን ተማሪ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ሲመራ ቆይቷል፤ የማኅበራዊ ሳይንስ ልጅ እንደ ተረፈ የሚታይበት ስሜት አንዱ ምንጩ ይህ ነው። ለታሪክ ምሩቅ በከተማችን በቀጥታ የሚከፈቱት በሮች መምህርነት፣ የባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤቶች፣ የመንግሥት ኮሙኒኬሽንና አንዳንድ የአስተዳደር መደቦች ናቸው። ለማስተማር የማስተማር ሙያ ሥልጠና መጨመር ያስፈልጋል። ቱሪዝሙ ፋሲል ግቢን፣ ጥምቀትንና የሰሜን ተራሮችን የያዘ ስለሆነ ትልቅ ተስፋ ያለው ነው፤ ሆኖም ሰላም ሲደፈርስ ጎብኚ ይቀራል፤ ጎብኚ ሲቀር ደግሞ አስጎብኚው፣ ሆቴሉና የወለቃ ሸክላ ሠሪዋ በአንድ ቀን ሥራ ይፈታሉ፤ በቅርብ ዓመታት ይህን ሁላችንም አይተናል። ባንኮች የሚጠሩት በአብዛኛው የቢዝነስ ምሩቃንን ነው። ከዚህ ውጭ ያሉት በሮች፣ ማለትም የግብረ ሰናይ ድርጅቶች፣ የጥናት መረጃ ሰብሳቢነት፣ ትርጉም፣ የመገናኛ ብዙኃንና የግል ድርጅቶች፣ «ተዛማጅ» በሚለው ቃል በኩል የሚገባባቸው ናቸው።

አካውንቲንግስ? ጥሩ ሙያ ነው፤ ልጅዎ ብትወደው ኖሮ አንድ ቃል አልናገርም ነበር። ማስታወቂያውም ይበዛል። ነገር ግን ማስታወቂያው የሚበዛውን ያህል አመልካቹም ይበዛል፤ ለአንድ የሒሳብ ሠራተኛ መደብ በማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት የሚሰለፈውን ወጣት እርስዎም ሲያልፉ ሳያዩት አይቀሩም። ያለ ፍላጎቷ ገብታ በመካከለኛ ውጤት የምትወጣ የሒሳብ ምሩቅ፣ ወድዳው ተምራ ጠንካራ ጽሑፍ ይዛ ከምትወጣ የታሪክ ምሩቅ የተሻለ ዕድል አላት ብዬ ልነግርዎ አልችልም። የመጀመሪያዋ ወደ ፈተናው ክፍል ትገባለች፤ ፈተናውን ማለፏ ግን በዲግሪው ስም አይወሰንም።

ታሪክ ከገባች በቀሪዎቹ 3 ዓመታት ውስጥ መሆን ያለበትን ልንገርዎት። ከሁሉ የሚበልጠው መጻፍ ነው። በየሴሚስተሩ ቢያንስ አንድ ጽሑፏ በመምህር ታርሞ፣ ተመልሳ አስተካክላው፣ የመጀመሪያውና የታረመው ሁለቱም በፋይል ይቀመጡ። ሁለተኛው፣ አንድ በእጅ የሚያዝ ነገር ትጨምር፤ ኤክሴልን እስከ ፒቮት ሠንጠረዥ ድረስ፣ ወይም መረጃ በስልክ የሚሰበሰብበትን ኮቦ የተባለውን መተግበሪያ ትልመድ። ለታሪክ ልጅ ሌላ ሰው በቀላሉ የማይኖረው ሀብት ደግሞ ግዕዝ ነው፤ ብራና ማንበብ የምትችል ወጣት በዚህ ከተማ ሥራ የምታጣ አይመስለኝም፤ የቅርስ ምዝገባውና የጥናቱ ሥራ እንዲህ ያለ ሰው ይፈልጋል። በክረምት የትም ይሁን የት፣ በነፃም ቢሆን፣ በአንድ መሥሪያ ቤት ቃለ ጉባኤ ትያዝ። ቃለ ጉባኤ መያዝ እንደ ትንሽ ሥራ ይታያል፤ ነገር ግን ሦስት ሰዓት የተወራውን በአንድ ገጽ አድርጎ፣ ማን ምን ወሰነ የሚለውን ሳያዛባ መጻፍ የሚችል ሰው በየቢሮው ተፈልጎ የሚታጣ ነው።

ሲቪዋን በሚመለከት አንድ ነገር ላሳይዎት። ወደ እኔ ከሚመጡት ሲቪዎች ብዙዎቹ ላይ «ታታሪ፣ ከሰው ጋር ተግባቢ፣ በጫና ውስጥ መሥራት የምችል» የሚል መስመር አለ። ይህን መስመር ሁሉም ስለሚጽፈው ቀጣሪ አያነበውም። አንድ ጊዜ ከአንዲት ምሩቅ ጋር ተቀምጠን ያንን መስመር ሰርዘን በምትኩ እንዲህ ብለን ጻፍን፦ «ለመመረቂያ ጽሑፌ በሁለት ወረዳዎች 18 ሰዎችን ቃለ መጠይቅ አድርጌ፣ የተቀዳውን ድምፅ በጽሑፍ ገልብጬ፣ እርስ በርሳቸው የሚጋጩ ምስክርነቶችን ከሰነድ ጋር አመሳክሬ፣ 52 ገጽ ጥናት በ4 ወር ውስጥ አቅርቤያለሁ»። ልጅቷ ራሷ አነበበችውና «ይሄ እኮ ሥራ ነው ለካ» አለች። አራት ወር ሙሉ የሠራችውን ነገር የትምህርት ግዴታ እንጂ የሥራ ልምድ አድርጋ አስባው አታውቅም ነበር። «0 ዓመት የሥራ ልምድ» ተብሎ በሚወጣ ማስታወቂያ ላይ እንዲህ ያለ መስመር የያዘ ማመልከቻ ከብዙው መካከል ተለይቶ ይወጣል።

አንድ የሚታለፍ ግን የማይዘነጋ ነገር አለ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የትኛውም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የመውጫ ፈተና ሳያልፍ ዲግሪ አይሰጠውም፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው፤ ደግሞ መፈተንም ይቻላል። ታሪክም አካውንቲንግም ከዚህ አያመልጡም፤ ፈተናው ከየዓመቱ ትምህርት የሚወጣ ስለሆነ በመጨረሻው ወር በጥድፊያ የሚጠና አይደለም።

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ መነሻ የሆነው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት ለገጠሩ የጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ሠራተኞችን ለማውጣት ነበር። ሠልጣኞቹ በቡድን ሆነው ወደ ገጠር ከተሞች ወጥተው ከሕዝቡ ጋር እየኖሩ እንዲለማመዱ የሚያደርገው አሠራር እስከ ዛሬ የዚህ ተቋም መታወቂያ ነው። ይህን የማነሣው የሙያ ትምህርትና የሰው ትምህርት በዚህች ከተማ ተለያይተው እንዳልተጀመሩ ለማስታወስ ነው። የጤና መኮንኑ ወባን ማወቁ ብቻ አይበቃውም ነበር፤ ገበሬው ለምን መድኃኒቱን አቋርጦ ወደ ጠበል እንደሄደ ሰምቶ መረዳት፣ ሽማግሌዎቹን ማሳመንና ያየውን ለአዲስ አበባ በሪፖርት መጻፍ ነበረበት።

እንግዲህ የመምረጫ ቅጹ ከመሞላቱ በፊት ልጅዎን ተቆጥተው ሳይሆን አጠገብዎ አስቀምጠው ሁለት ነገር ይጠይቋት። አንደኛው፣ በዚህ ዓመት ለትምህርት የጻፈችውን አንድ ጽሑፍ አምጥታ ታንብብልዎት፤ ምን ለማስረዳት እንደፈለገች ካነበበችልዎት በኋላ ያለ ችግር ከገባዎት፣ የምትፈልገውን ታውቃለች ማለት ነው። ጽሑፍ የላትም ወይም ከሌላ የገለበጠችው ከሆነ ግን ታሪክን የመረጠችው ሒሳብን ሸሽታ ሊሆን ስለሚችል እንደገና ተነጋገሩ። ሁለተኛው፣ ከትምህርት ክፍሉ ባለፈው ዓመት ከተመረቁት ሁለት ልጆች ዘንድ ሄዳ አሁን ምን እንደሚሠሩና እንዴት እንደገቡበት ጠይቃ፣ የነገሯትን በአንድ ገጽ ጽፋ ትምጣ። የሚነግሯት ሁለት የተለያየ ነገር ይሆናል። ያን ለይታ፣ የትኛውን ለምን እንዳመነች ጽፋ ከመጣች፣ እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ቅጹን እርሷ እንደፈለገችው እንድትሞላው እተዋት ነበር።